ከስልክ የተሰረቀ መልእክት ቤት ዲን ፊት ይቆማል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው እስራኤል ነው። ከባለቤቴ ጋር ፍቺ ላይ ነን፤ ጉዳያችን በራቢዎች (የአይሁድ የሃይማኖት ሊቃውንት) ፍርድ ቤት፣ በቤት ዲን፣ ተይዟል። አንድ ሌሊት ተኝቼ ሳለሁ ጣቴን ስልኬ ላይ አስነክቶ ከፈተው። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የተጻጻፍኩትን ሁሉ ፎቶ አንስቶ ለጠበቃው ሰጠ። «ሃላካ (የአይሁድ ሃይማኖት ሕግ) ማስረጃው ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም» ይለኛል። እውነቱን ነው?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ እህቴ፣ ባልሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የነገረሽ ግን ለሱ የሚጠቅመውን ብቻ ነው።

የሠራው ሥራ በሃላካ ክልክል ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት በጀርመን ማይንዝ የኖሩት ራቤኑ ጌርሾም የሰው ደብዳቤ ያለፈቃድ የሚያነብ ይወገዝ ብለው እንደደነገጉ ይነገራል፤ ሰዎችም ይህንኑ ውግዘት በአጭሩ ፖስታቸው ላይ ይጽፉ ነበር። ስልክማ ይብሳል። ኦሪት ራሱ፣ ዘዳግም 24 ላይ፣ አበዳሪ መያዣ ሊወስድ ሲመጣ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ እንጂ ተበዳሪው ቤት አይግባ ይላል። ገንዘቡ የራሱ ሆኖ እንኳ!

ችግሩ ውግዘቱ የሚያርፈው አንባቢው ላይ ነው። ደብዳቤው ማስረጃ አይሆንም አይልም። በጥንቱ ሃላካ «በሕገወጥ መንገድ የተገኘ ማስረጃ ይጣል» የሚል ጥቅል ደንብ ፈልገሽ አታገኚም። ባልሽ የያዘው ይህችን ነው።

ሃላካ በሩን የሚዘጋው ሌላ ቦታ ነው። ዋናው ማስረጃ ዳኛ ፊት ቆመው በአንደበታቸው የሚናገሩ ሁለት ብቁ ምስክሮች ናቸው። ሌባ ምስክር አይሆንም። በወንጀል ደግሞ ሰው «አዎ አድርጌዋለሁ» ቢልም በራሱ ቃል አይፈረድበትም። ተደብቆ መስማትስ? ታልሙድ (ጥንታዊው የራቢዎች የሕግ መጽሐፍ) ውስጥ፣ ሳንሄድሪን በሚባለው ክፍል 29 ላይ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ አለ። አንዱ ከአጥር ጀርባ ሰዎች ይደብቅና ባለዕዳውን «100 ዙዝ አለብህ አይደል?» ይለዋል። «አዎ።» «እነ እገሌ ፊት ታምናለህ?» «አይ፣ ፍርድ ቤት ትጎትተኛለህ ብዬ እፈራለሁ።» በማግስቱ ገንዘቡን ሲጠየቅ «ስቀልድብህ ነው» ካለ ነጻ ይወጣል። ልብ በይ፣ ያዳነው ምስክሮቹ መደበቃቸው አይደለም፤ ለምስክርነት ብሎ አለመናገሩ ነው። በኔ ግምት ላንቺ ጉዳይ የሚቀርበው ይሄ ነው፤ ማታ ማታ ለባልደረባ በሚጻፍ መልእክት ውስጥ ስንት ቀልድ፣ ስንት ንዴት አለ። በሞት በሚያስቀጣ ጉዳይ ምስክር መደበቅ የተፈቀደው አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ሌላውን በስውር ወደ ጣዖት የሚገፋፋ። ለሱ ውስጠኛው ክፍል ውስጥ መብራት ይበራል፤ ምስክሮቹ ውጭኛው ክፍል ሆነው ሳያያቸው ያዩታል፣ ድምፁንም ይሰማሉ።

ግን በዚህ ብቻ አትዘናጊ። የዛሬ ዳያኒም (የቤት ዲን ዳኞች) ፍቺ ላይ ፎቶውንም መልእክቱንም አይተው ግምት ሊወስዱ ይችላሉ።

ላንቺ ትልቁ ጋሻ ያለው የአገሩ ሕግ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የእስራኤል የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ የሰውን ደብዳቤም ሆነ የኤሌክትሮኒክ መልእክት ያለፈቃድ መቅዳትን ጥፋት ያደርገዋል። አንቀጽ 32 ደግሞ በዚህ መንገድ የተገኘ ነገር የግል ሕይወቱ የተነካበት ሰው ካልፈቀደ በስተቀር ፍርድ ቤት ማስረጃ አይሆንም ይላል። ራቢዎቹንስ ይመለከታል? አዎ። አንድ ባል ሚስቱ ወደምትኖርበት ቤት ገብቶ ከሌላ ወንድ ጋር ፎቶ አንስቷት ኔታንያ ላለው የራቢዎች ፍርድ ቤት አቀረበ፤ ጉዳዩ ወደ ላይ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ የሃይማኖት ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል ብሎ ፎቶዎቹን ውድቅ አደረገ። ባልና ሚስት መሆናቸው የግል ሕይወቷን አላስቀረባትም።

ይሁንና ይሄ የብረት በር አይደለም፤ አንቀጹ ራሱ ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ጽፎ ሊፈቅድ ይችላል ይላል። ስለዚህ ጠበቃ ያዢ። «አንቀጽ 32፣ የ2006ቱ ውሳኔ» በይው፤ ይገባዋል። ተቃውሞሽን መልእክቶቹ ገና ሳይነበቡ በጽሑፍ ያስገባልሽ። «ይታይ፣ ምን አለበት፣ የምደብቀው የለኝም» እንዳትይ፤ ፈቃድ ሰጥታለች ሊባል ይችላል። ተናደሽ የሱንም ስልክ እንዳትከፍቺ። ያን ሌሊት ስለሆነው የምታስታውሺውን ደግሞ ሳትረሺው ዛሬውኑ ጻፊው፤ ስልኩ ያለፈቃድሽ መከፈቱን ማሳየት ሳይኖርብሽ አይቀርም።