ታምቡሩ ድኗል፣ ጆሮዬ ግን አልዳነም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የቀድሞ የሠራዊት አባል ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሞርታር አጠገቤ ፈንድቶ ከግራ ጆሮዬ ደም ፈሰሰ። ታምቡሩ ተቀዶ ነበር፣ በኋላ ድኗል ተባልኩ። እስካሁን ግን ጭው ይላል። ሰው ሲያወራኝ ድምፁን እሰማለሁ፣ የሚለውን አልይዘውም። አሁን ሜዲካል ቦርድ (ጉዳቴን አይቶ የሚወስን የሐኪሞች ቡድን) ፊት ልቀርብ ነው፤ «ያስመስላል ይሉሃል» ብለው አስፈሩኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ታምቡር ዳነ ማለት ጆሮ ዳነ ማለት አይደለም። በፍንዳታ የተቀደደ ታምቡር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ራሱ ይገጥማል። ግፊቱ ግን ታምቡሩን አልፎ ውስጠኛው ጆሮ ድረስ ይገባል፤ እዚያ ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉት ጥቃቅን ሴሎች አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። በብዛት የሚጎዳው ቀጫጭን ድምፅ የሚሰማው ክፍል ነው፣ ከ3000 እስከ 6000 ሄርዝ አካባቢ። «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ፈ»ን ከ«ተ» የምንለይበት ድምፅ በአመዛኙ ቀጭን ስለሆነ፣ ሰውየው ሲናገር እየሰሙት ቃሉ የሚያመልጥዎት ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ «ጆሮው ታይቷል፣ ደህና ነው» የሚል ወረቀት ብቻ ይዘው ቦርድ እንዳይቀርቡ። በመብራት የሚታየው እስከ ታምቡሩ ድረስ ነው።

ስለማስመሰሉ፦ መርማሪው ቢጠራጠር አይከፋዎት፣ ሥራው ነው። ድምፅ ሲሰሙ ቁልፍ የሚጫኑበት ምርመራ፣ ኦዲዮግራም የሚባለው፣ በእርስዎ መልስ ላይ ስለሚቆም ብቻውን አይበቃም። ይደገማል፣ ውጤቶቹም መቀራረብ አለባቸው። መልስዎን ጭራሽ የማይጠይቁ ምርመራዎችም አሉ። አንዱ ውስጠኛው ጆሮ ራሱ የሚያወጣውን ደካማ ድምፅ ይቀዳል፤ ሌላው ራስዎ ላይ በሚለጠፉ ገመዶች ነርቭዎ ለድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ ያነባል፣ ተኝተውም ይሠራል። እነዚህን እንዲያዙልዎ ከአንገት በላይ ሐኪሙን ይጠይቁ፣ ለእርስዎም ምስክር ናቸው። «እንዳይከለክሉኝ» ብለው ግን ጉዳቱን እንዳያጋንኑ፣ አደራ! ተጋኖ ከተያዘ እውነተኛው ጉዳትም አብሮ ይጠረጠራል። ደካማ ድምፅም ቢሆን ከሰሙ ይጫኑ። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ከጀነሬተርና ከጮክ ያለ ሙዚቃ ይራቁ።

ቦርዱ «በምን ተጎዳ?» ብሎም ይጠይቃል። ከፍንዳታው በኋላ መጀመሪያ የታከሙበትን ካርድ፣ ሪፈር ወረቀት፣ ሲቀጠሩ የተደረገ የጆሮ ምርመራ ካለ እሱንም ያሰባስቡ። ቀኑን፣ ርቀቱን፣ ሜዳ ላይ ወይስ ቤት ውስጥ እንደነበሩ (ግድግዳ ግፊቱን ስለሚያንፀባርቅ ጉዳቱ ይብሳል)፣ የትኛው ጆሮ ወደ ፍንዳታው እንደዞረ ጽፈው ይያዙ። በልጅነትዎ ጆሮዎ ይመግል ከነበረ ወይም እንደ ጄንታማይሲን ያለ መስማትን ሊጎዳ የሚችል መርፌ ወስደው ከሆነ አይደብቁ። ሌላም ነገር፦ ፍንዳታ ያደረሰው ጉዳት ከጊዜ በኋላ እየባሰ መሄዱ የተለመደ አይደለም። መስማትዎ ዘንድሮ ከቀነሰ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

የመስሚያ መሣሪያ ለመሞከር የቦርዱን ውሳኔ አይጠብቁ። ጭውታው እንቅልፍ ከነሳዎትም ለሐኪሙ ይንገሩት፣ የሚረዳ ሕክምና አለው።

አሁን ሥራ ላይ ላላችሁ፦ ከፍንዳታ በኋላ መስማት ከቀነሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ታዩ። በጊዜ ሲጀመር ሊረዳ የሚችል መድኃኒት አለ። ጆሮ ውስጥ ዘይትም ውኃም አታስገቡ።