«ልጄ ፍራተርኒቲ ልግባ አለኝ»

በዚህ ወር ከአሜሪካ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው። ስለ ኮሌጅ ፍራተርኒቲና ሶሮሪቲ፣ ማለትም ስለ ወንዶችና ስለ ሴቶች የተማሪ ማኅበራት፣ በተለይ ደግሞ ከምርቃት በኋላ ስላለው ሕይወት። ስለዚህ አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሰሞኑን ፍራተርኒቲ ልግባ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የማውቀው ዜና ላይ የማየውን ነው፤ ስካር፣ ድብደባ፣ የሞተ ልጅ። እሱ ግን «እማ፣ ይሄ የዕድሜ ልክ ነገር ነው፣ ጥቅሙ የሚመጣው ከተመረቅሁ በኋላ ነው» ይለኛል። አባቱ በፍጹም አይሆንም ብሏል። እኔ መሐል ቆሜያለሁ። እውነት ከምርቃት በኋላ የሚጠቅመው ነገር አለ?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆች ሞተዋል፤ አንዳንዶቹም በአንድ ሌሊት መጠጥ ነው የሞቱት። ስለዚህ ስለ ጥቅሙ ከማውራታችን በፊት እሱን እንጨርስ። አዲስ ገቢ ላይ የሚፈጸመው ማሰቃየት፣ ሄዚንግ የሚሉት፣ በሜሪላንድ ወንጀል ነው። ልጁ ራሱ ፈቅዶ ቢሆን እንኳ ሕጉ ፈቃዱን እንደ ማምለጫ አይቀበልም። በ2024 መጨረሻ ላይ ደግሞ የፌዴራል ሕግ ወጥቷል። ዩኒቨርሲቲዎች በሄዚንግ ጥፋተኛ ሆነው የተገኙ ማኅበራትን ስም ለሕዝብ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ልጅዎን አጠገብዎ ቁጭ አድርገው የትምህርት ቤቱን ሪፖርት አብራችሁ ክፈቱት። የማኅበሩ ስም እዚያ ካለ ወሬው እዚያው አለቀ።

ቀጥሎ፣ የትኛው ፍራተርኒቲ እንደሆነ ይጠይቁት። ሁሉም አንድ አይደሉም። ትልልቅ ቤት ያላቸው፣ ቅዳሜ ማታ ሙዚቃቸው ሰፈር የሚያናውጠው አሉ። የብዙዎቹ ሕይወት የሚሞቀው እነዚያን አራት ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ የኳስ ጨዋታ፣ ከዚያ የመዋጮ ደብዳቤ። ሌሎቹ ደግሞ ዲቫይን ናይን የሚባሉት ዘጠኙ የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበራት ናቸው። እነዚህ ጋ ሥራው የሚበረታው ከምርቃት በኋላ ነው፤ ልጅዎ «የዕድሜ ልክ ነው» ያለው ከነዚህ ስለ አንዱ ከሆነ አልዋሸዎትም።

ምክንያቱም ከታሪካቸው ይመጣል። ከዘጠኙ አንዱ የሆነውን አልፋ ፋይ አልፋን ሰባት ተማሪዎች ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመሠረቱት በ1906 ነው። በ1911 ሉዊቪል ከተማ ውስጥ ለተመረቁት ብቻ የሚሆን ቻፕተር፣ ቅርንጫፍ ማለት ነው፣ ከፈቱ። አስቡት፣ በዚያን ዘመን ጥቁር ሐኪምና ጠበቃ ዲግሪውን ይዞ ሲወጣ አብዛኛው የነጮች የሙያ ማኅበር በሩን ዘግቶበት ነበር። ሥራ የሚጠቁመው፣ በማያውቀው ከተማ ማረፊያ የሚያገኝለት፣ ስሙን በደህና የሚያነሳለት ሰው ያስፈልገው ነበር። ያንን የሠሩት የተመረቁት ወንድሞች ናቸው።

እርስዎ ሜሪላንድ ስለሚኖሩ ይህቺን ልንገርዎ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በ1930ዎቹ ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። ዶናልድ መሪ የተባለውን አመልካች ወክለው ፍርድ ቤት የቆሙት ቻርልስ ሂውስተንና ቱርጉድ ማርሻል ናቸው። ሁለቱም የአልፋ አባላት፣ ፍራተርኒቲውም ከጉዳዩ ጀርባ ነበረ። በ1935 አሸነፉ፤ መሪም ትምህርት ቤቱ ገባ። ማርሻል ያኔ ከሕግ ትምህርት ከተመረቀ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በ1967 የጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነ። ዛሬ ልጅዎ በዚያ ግዛት ማንም ሳይከለክለው የሚማረው እንደነዚህ ያሉ ምሩቃን ስለከፈሉለት ነው፤ እኔ ይሄን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ዋሽንግተን ያለውን የማርቲን ሉተር ኪንግ ሐውልትም ያዩት ይሆናል። ኪንግ በ1952 ቦስተን ሲማር ነው አልፋ የገባው። ሐውልት ይቁምለት የሚለውን ሐሳብ በ1980ዎቹ ያነሱት የተመረቁ የአልፋ ወንድሞች ነበሩ። ኮንግረስ እስኪፈቅድ፣ 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እስኪሰበሰብ፣ ድንጋዩ እስኪቆም ድረስ አልተዉትም። በ2011 ተመረቀ።

ይሄ ትልቁ ነው። ትንሹ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ነው ያለው። የተመረቁት አባላት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሃይስኩል ልጆች ሰብስበው የኮሌጅ ማመልከቻ አብረዋቸው ይሞላሉ። አንዱ የባንክ ሠራተኛ አንድን የ16 ዓመት ልጅ መስታወት ፊት አቁሞ ከኋላው ሆኖ ክራባት ማሰር ያሳየዋል፤ ልጁ ሦስት ጊዜ ያበላሻል፣ እሱ ሦስት ጊዜ ይፈታለታል። አባል ሲሞት ደግሞ ጥቁር ሱፍ ለብሰው መጥተው የራሳቸውን የስንብት ሥርዓት ያደርጋሉ። አልፋዎች «ወደ ኦሜጋ ቻፕተር ተዛወረ» ይላሉ፤ ያንን ስም ለሙታን ብቻ ነው ያስቀመጡት። እኛ እድር ያሳደገን ሰዎች ይሄን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ገንዘብስ ካሉ፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የአንድ ኮሌጅ ምሩቃንን ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች የፍራተርኒቲ አባልነት የወንዶቹን የወደፊት ገቢ ወደ 36 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ ጽፈዋል። ግን ያው ጥናት ከ4 የሚታሰበውን የኮሌጅ ውጤታቸውን በሩብ ነጥብ ያህል እንደሚቀንስም አግኝቷል። የአንድ ኮሌጅ ጥናት ስለሆነ ለልጅዎ ዋስትና አድርገው አይያዙት። ሩብ ነጥቧን ግን ችላ አይበሏት፤ ሕክምና ትምህርት ቤት ለሚያስብ ልጅ ሩብ ነጥብ ብዙ ነው።

አባላት ሲገቡ ስለሚፈጽሙት መሐላ አልጠየቁኝም፣ አባቱ ግን ሳያስበው አይቀርም። ሥርዓቱ ምስጢር ነው፣ እኔና እርስዎ አናየውም። ኪንግን የመሰሉ ቄሶች አባል ሆነው ኖረዋል፤ ለእምነታቸው ሲሉ ጥለው የወጡም አሉ። ልጁ ከመግባቱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። በኋላ አይደለም፣ በፊት።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ልጁን አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ «ከተመረቁ አሥር ዓመት ያለፋቸውን ሁለት ሦስት አባላት ቤት አምጣልኝ፣ ቡና ላፍላላቸው።» ሥራቸውን፣ ትዳራቸውን፣ ቅዳሜ የት እንደሚውሉ ይጠይቋቸው። አባቱም ይቀመጥ። የሚያመጣው ሰው ካጣ ያ ማኅበር ዕድሜ ልክ የሚባለውን ገና አላሳየም፤ የመግቢያውን ቼክ አይጻፉ።

ጥያቄ፦ ኮሌጅ እያለሁ ፍራተርኒቲ ገባሁ። ከአራት ዓመት በፊት ተመረቅሁ። አብረውኝ የገቡት ልጆች በየስቴቱ ተበታተኑ፣ የቀረን የልደት መልእክት የምንለዋወጥበት ግሩፕ ብቻ ነው። አሁን ከሥራ ተቀንሻለሁ። ዱስ፣ የአባልነት መዋጮውን፣ ከከፈልኩ ቆይቻለሁ፣ ስለዚህ እርዱኝ ማለት አሳፈረኝ። ምን ላድርግ?
ከአትላንታ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይዞህ። መጀመሪያ ያንን ግሩፕ ለቀቅ አድርገው። አብረውህ የገቡት እኩዮችህ ናቸው፣ እነሱም እንዳንተ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ሰው መቅጠር የሚችለው፣ ወይም የሚቀጥረውን የሚያውቀው፣ ከአንተ 15 እና 20 ዓመት ቀድሞ የተመረቀው ነው። እሱ ያለው ደግሞ የከተማው የምሩቃን ቻፕተር ውስጥ ነው። አትላንታ እንደ ሞርሃውስና ስፔልማን ያሉ ኮሌጆች ያሉባት ከተማ ናት፣ ምሩቅ አባል አታጣም።

ስለ ውዝፉ ለቻፕተሩ ጸሐፊ ወይም ለገንዘብ ያዡ ደውለህ እንዳለው ንገረው። «ከሥራ ወጥቻለሁ፣ መመለስ እፈልጋለሁ፣ እንዴት ላድርግ?» በቃ። ይሄን ስልክ የደወልክ የመጀመሪያው አንተ አይደለህም። ዝም ብለህ መጥፋትህ ነው የሚጎዳህ።

ከዚያ ሂድና ሥራቸው ላይ ተገኝ። ወንበር አንሳ፣ ልጆቹን አስጠና። አያቶቻችን ዕርዳታ ሳይጠይቁ በፊት ደቦ ይወጡ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው የሚያስታውሰው አብሮት የዋለውን ነው። ስትጠይቅ ደግሞ «ሥራ ካለ» አትበል። እንደሱ ያለውን ጥያቄ ማንም ሊመልሰው አይችልም፣ ሰውየው ቢፈልግ እንኳ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። «እዚህ መሥሪያ ቤት ይሄ ቦታ ወጥቷል፣ እዚያ የምታውቀው ሰው አለ? ሬዙሜዬን ታይልኛለህ?» በል። የተመረቀ ወንድም የሚሰጥህ ብዙ ጊዜ ሥራ ሳይሆን ስልክ ቁጥርና አንድ ደህና ቃል ነው። እሱን ይዘህ ኢንተርቪው ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ያ ቻፕተር ሄደህ የሚያወራህ ካጣህ፣ የሚጠይቁህ ስለ ክፍያ ብቻ ከሆነ፣ ራስህን አትውቀስ። ደካማ ቻፕተር አለ። አበሻው ጋ ተመለስ፣ ቤተ ክርስቲያንህ ጋ፣ የቀድሞ አለቃህ ጋ ደውል። ሥራ ፍለጋህ በማኅበሩ የግሪክ ፊደሎች ላይ ብቻ አይንጠልጠል።

ጥያቄ፦ እኔ ነርስ ነኝ። ልጆቼን እያሳደግሁ በ38 ዓመቴ ዲግሪዬን ጨረስኩ። ሆስፒታላችን ውስጥ የማከብራቸው ሦስት ሴቶች የአንድ ሶሮሪቲ አባላት ናቸው። ኮሌጅ እያለሁ አልገባሁም። አሁን ይቻላል ወይስ አልፎኛል?
ከዳላስ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለዲግሪሽ እንኳን ደስ አለሽ። ይቻላል። ጥቁር ሶሮሪቲዎች ዲግሪ ያላትን ሴት በምሩቃን ቻፕተር በኩል ይቀበላሉ፤ ብዙ ሴቶች ሥራ ከያዙ በኋላ ነው የገቡት። ዕድሜሽ አያሳስብሽ።

አካሄዱ ግን ወግ አለው። ማመልከቻ የሚከፈተው በራሳቸው ጊዜ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚያውቅሽ አባል ድጋፍ ይፈለጋል። በአደባባይ «መግባት እፈልጋለሁ» እያሉ ማውራት አይወደድም። የማኅበሩ ስም የሆነው የግሪክ ፊደላቸው ያለበትን ልብስ አባል ሳይሆኑ መልበስ ደግሞ ጭራሽ አይደረግም። ከሦስቱ ሴቶች የምትቀርቢያትን ለብቻዋ ያዢና ጠይቂያት። የሚያዘጋጁት የጤና ምርመራ ወይም የመራጮች ምዝገባ ካለ ሄደሽ እርጂ። ነርስ ነሽ፣ የደም ግፊት የሚለካ ሰው ሁሌም ያስፈልጋቸዋል።

የማኅበሩንም ታሪክ አንብቢ። አልፋ ካፓ አልፋ በ1908፣ ዴልታ ሲግማ ቴታ በ1913፣ ሁለቱም ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው የተመሠረቱት። የዴልታ 22 መሥራቾች በተመሠረቱ በሁለተኛው ወር ለሴቶች የመምረጥ መብት ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ ወጥተዋል። ገና ተማሪ እያሉ፣ ያውም ጥቁር ሴት በሰልፉ ላይ በደንብ በማትፈለግበት ጊዜ።

የመግቢያው ክፍያ በመቶዎች ዶላር ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ይበልጣል፤ በየዓመቱም መዋጮ አለ። አገር ቤት የምትልኪውን፣ የልጆችሽን ወጪ አስልተሽ፣ ሙሉውን ቁጥር በወረቀት ጠይቀሽ ነው መወሰን። ዘንድሮ ካልሆነ ለሚቀጥለው ጊዜ አስቀምጪለት፤ እነሱም እንደሆነ በየዓመቱ አይቀበሉም።