ውጤቱ እንዴት ይታሰባል? የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ እንግሊዝኛ 46፣ ሒሳብ 38 አመጣ። ጎረቤቶቼ «በሁለት ትምህርት ከ50 በታች ካለው ወድቋል» አሉኝ። እውነት ነው? (እናት፣ ከደሴ ሆጤ)

መልስ፦ አይደለም እናቴ። የሚታየው ድምሩ ነው። ስድስት ትምህርት የተፈተነ ተማሪ ከ600 ይታሰብለታል፤ ግማሹ 300 ነው። ፊዚክስ 51፣ ኬሚስትሪ 55፣ ባዮሎጂ 58፣ አፕቲትዩድ 60 አምጥቶ ከሆነ ድምሩ 308 ይሆናል፤ ይህ ማለፊያ ነው። የውጤት ወረቀቱን ይዘው ራስዎ ይደምሩት።

«ዘንድሮ ብዙ ሰው ስለወደቀ ማለፊያው ይወርዳል» የሚባለውንም አይጠብቁ። በ2014 ግማሹን ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ መስመሩ ግን ከ50 በመቶ ንቅንቅ አላለም። ከዓመት ዓመት ከፍና ዝቅ የሚለው የሪሚዲያል (ግማሹን ላላመጡ ተማሪዎች የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) መግቢያ ነጥብ ነው።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ብሉቡክ በተባለው የፈተና መተግበሪያ ላይ አንድ ዓይነት የኤስኤቲ (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተና) መለማመጃ ሠራን። በሒሳብ ሁለታችንም ከ44ቱ 30 መለስን፤ ነጥባችን ግን ተለያየ። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ይሆን? ደግሞ አስጠኚያችን «የማታውቀውን ባዶ ተወው፣ ይቀነስብሃል» ይላል። (ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። ኤስኤቲ ስንት እንደመለስክ ብቻ ሳይሆን የትኛውን እንደመለስክም ይመዝናል። ሒሳቡ ሁለት ሞጁል (ለየብቻ የሚሠራ ክፍል) አለው፤ እያንዳንዱ 22 ጥያቄ፣ 35 ደቂቃ። መጀመሪያው ላይ ቀላሉም ከባዱም ተደባልቆ ይመጣል። እዚያ በሠራኸው መጠን ሁለተኛው ከበድ ወይም ቀለል ብሎ ይቀርብልሃል። ቀለል ያለው የደረሰው ልጅ ሁለተኛውን ሞጁል አንድም ሳይስት ቢጨርስ እንኳ 800 አይደርስም። በዋናው ፈተና ላይ ደግሞ በየሞጁሉ ነጥብ የማይያዝባቸው 2 የሙከራ ጥያቄዎች ተደባልቀው ይገባሉ፤ ተፈታኙ የትኞቹ እንደሆኑ አያውቅም። ስለዚህ የመለስከውን ቆጥረህ ነጥብህን ማወቅ አትችልም።

ብዙ ልጆች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው፦ የመጀመሪያውን ሞጁል በጥድፊያ ይጨርሱና ቀላሉን ይስታሉ። እርግጠኛ የሆንክባቸውን ቀድመህ ሥራ፤ ያጠራጠረህን ምልክት አድርገህ እለፈው፤ የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ለመከለስ አስቀር። ሞጁሉ አንዴ ከተዘጋ ተመልሰህ አታየውም።

የአስጠኚህ ምክር ድሮ ልክ ነበር። ያኔ አምስት ምርጫ ነበረው፤ ለተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ ይቀነስ ነበር። በፈረንጆቹ 2016 መጋቢት ላይ ግን ቀርቷል። አሁን ምርጫው አራት ነው፤ ስህተት አያስቀንስም። 8 ጥያቄ ባዶ ብትተው ዜሮ ነው፤ ብትገምት ግን በአማካይ 2 ታገኛለህ። ሁለት ደቂቃ ሲቀርህ ባዶዎቹን ሁሉ ሙላ።

መልሱን ራስህ የምትጽፍባቸው ጥያቄዎች ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ ከሒሳቡ ሩብ ያህሉ እንዲህ ያሉ ናቸው። መልሱ ሦስት ከግማሽ ሆኖ «3 1/2» ብለህ ብትጽፍ ማሽኑ 31/2 ብሎ ያነበዋል። አውቀኸው ነጥቡን ታጣለህ። «7/2» ወይም «3.5» ብለህ ጻፍ።

ጥያቄ፦ የልጄ የኤስኤቲ ውጤት ላይ «ፐርሰንታይል 75» ይላል። ከመቶ 75 አገኘች ማለት ነው? ነጥቧ 1180 ነው፤ 1200 እስክትሞላ ድረስ ደግማ ልትፈተን ትላለች። (አባት፣ ከደሴ ፒያሳ)

መልስ፦ አይደለም አባቴ፤ 75ቱ ደረጃን የሚያሳይ ነው። መቶ ተፈታኝ ቢሰለፍ 75ቱ ከእርሷ እኩል ወይም በታች ናቸው ማለት ነው። ከጥያቄዎቹ ስንቱን እንደመለሰች ግን አይነግርዎትም።

ስለ 1200ው፦ ከነጥቡ አጠገብ ከዚህ እስከዚህ የሚል ወሰን ተጽፏል። ያው ልጅ ምንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ሌላ ቀን ቢፈተን ነጥቡ በዚያ መካከል ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል፤ 1180 እና 1200 አንድ ወሰን ውስጥ ናቸው። የምታመለክትበት ዩኒቨርሲቲ 1200ን ቁርጥ መነሻ ካላደረገ በቀር፣ ለ20 ነጥብ ብላ እንደገና አዲስ አበባ ድረስ መሄዷን አንመክርም። የደከመችበትን የጥያቄ ዓይነት ከውጤት ወረቀቱ ለይታ ሁለት ሦስት ወር ከሠራችበት ግን ትሂድ።