ቀዩ ጭራቅ ዓይኑ ብቻ ሲቀር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፀጉር ቤት አለኝ። ደንበኞች ተራ ሲጠብቁ እንዲጫወቱበት የ1980ዎቹን የፓክማን (ቢጫው ክብ ፍጡር ከጭራቆች እየሸሸ ነጥብ የሚለቅምበት ጨዋታ) ማሽን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ሰሞኑን ቀይ ቀለም ጠፋበት። የጠራሁት ጠጋኝ ከኋላ አየት አደረገና «ቱቦው አልቋል፣ ሌላ ሞኒተር ግዛ» ብሎኝ ሄደ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ቱቦ (ስዕሉን የሚያሳየው የሞኒተሩ መስታወት) በመጨረሻ የሚጠረጠር ነገር ነው፤ አየት ተደርጎም አይፈረድበትም።

መጀመሪያ ጨዋታውን ራሱን እይ። ቢጫ ለሞኒተር ቀይና አረንጓዴ ሲደመሩ ስለሆነ፣ ቀይ በእርግጥ ከጠፋ ፓክማን አረንጓዴ ይሆናል። ነጩ ጽሑፍ ወደ ውሃ ሰማያዊ ያደላል። ቀዩ ጭራቅማ ከቀይ በቀር ምንም ስለሌለው አካሉ ይሰወርና ዓይኑ ብቻ ሲንከራተት ታያለህ (ልጆች ይህን ሳይወዱት አይቀሩም)። ሰማያዊዎቹ ግድግዳዎች ግን እንደነበሩ ናቸው። ቀለሙ የተበላሸው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ አጠገቡ ስፒከር ወይም ማግኔት እንዳለ ፈልግ።

ቀጥሎ ጥፋቱ የጨዋታው ቦርድ ይሁን የሞኒተሩ ለይ። ማሽኑን አጥፋና ወደ ሞኒተሩ ከሚገቡት ሽቦዎች የቀዩንና የአረንጓዴውን ቦታ አለዋውጥ። የሽቦውን ቀለም አትመን፤ ባለፉት ዓመታት ማን እንደነካካው አይታወቅም፤ መሰኪያው አጠገብ የተጻፈውን ፊደል ተከተል (R ቀይ፣ G አረንጓዴ ነው)። ስታበራው ቀይ መጥቶ አረንጓዴ ከጠፋ ሞኒተርህ ደህና ነው፤ ቦርዱ ነው የቀይ ምልክት የማይልከው። እንደዚያ ከሆነ ማሽኑን አጥፍተህ የቦርዱን መሰኪያ ንቀልና የመዳብ ጥርሶቹን በላጲስ ፈትጋቸው፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። አለዋውጠህም ቀይ እንደጠፋ ከቀረ ግን ሥራው ሞኒተሩ ውስጥ ነው።

ምንም ሳትነቅል፣ ማሽኑ እንደበራ የክፍሉን መብራት አጥፍተህ የቱቦውን አንገት (ከኋላ ያለውን ቀጭን ጫፉን) ተመልከት። ሦስት ብርቱካንማ ፍም መታየት አለበት፣ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ። ሁለት ብቻ ካየህ ጠጋኙ ልክ ነው፣ ብርህን አዘጋጅ። ሦስቱም ከበሩ ወደ አንገት ቦርዷ፣ ማለትም አንገቱ ጫፍ ላይ ወደተሰካችው ትንሽ ቦርድ፣ እንሂድ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ቱቦው ጀርባ ላይ ካለው የላስቲክ ክዳን ስር ሃያ ሺህ ቮልት ገደማ አለ፤ ማሽኑ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ማሽኑን ከግድግዳው ሶኬት ንቀልና የረጅም ካቻቢቴ ብረት ላይ ሽቦ እሰር፤ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ቱቦውን ከኋላ ከሚያቅፈው ባዶ ሽቦ ጋር አገናኝ። ከዚያ በፕላስቲክ እጀታው ብቻ ይዘህ ጫፉን ከክዳኑ ስር አስገባና አስነካ። ሌላው እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ይህ ካስፈራህ የሚያውቅ ሰው ጥራ፣ አያሳፍርም።

ቦርዷን ቀጥ አድርገህ ሳብ፣ አታወዛውዝ። አንገቱ ከተሰበረ የዚያ ጠጋኝ ትንቢት ደረሰ ማለት ነው። ቦርዷ ላይ ለሦስቱ ቀለሞች ሦስት ትራንዚስተሮች አሉ፤ የሦስቱም መንገድ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ የቦርዷ የሽቦ አሠራር ስዕል የለኝም ብለህ አትጨነቅ፤ ሁለቱ ጤነኞች የሦስተኛውን በሽታ ይነግሩሃል። ገልብጣትና በማጉያ መስታወት የሶኬቱን እግሮችና የትራንዚስተሮቹን ስር እይ። ብየዳው ዙሪያ እንደ ቀለበት የሆነ ቀጭን ስንጥቅ ካየህ አገኘኸው፤ የአርባ ዓመት ሙቀት ነው ያላቀቀው። አዲስ የብየዳ ሊድ ጨምረህ ደግመህ በይደው። ስንጥቅ ከሌለ ቴስተርህን ዳዮድ መለኪያው ላይ አድርግና ሦስቱን ትራንዚስተሮች እግር በእግር አወዳድር። የቀዩ ከሁለቱ ከተለየ አውጥተህ ቁጥሩ አንድ ዓይነት የሆነ ተካ።

ቀዩ ሲመለስ መጠኑ ትንሽ ሊበዛ ወይም ሊያንስ ይችላል። ማስተካከያዎቹ እዚያው ቦርድ ላይ ናቸው፤ ከማዞርህ በፊት የነበሩበትን በማርከር ምልክት አድርግ፤ ነጩ ነጭ እስኪሆን ቀስ እያልክ አዙር።