መልስ፦ ማግኔት አላንሳፍፍ ስላለው ክኒን
ደብረ ብርሃን ላይ የጋገራችሁት የይትሪየም-ባሪየም-መዳብ ኦክሳይድ ክኒን (ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የሚያሳልፍ ሱፐርኮንዳክተር) ማግኔት አላንሳፍፍ ያለው የክሪስታሉ መዛባት ዲ-ሞገዱን (ኤሌክትሮኖቹ የሚጣመሩበትን ባለ አራት ቅጠል ቅርጽ) አፍርሶት ይሆን ብላችኋል። አይመስለኝም። የመዳብና የኦክስጅን ሰንሰለቶች የክሪስታሉን አንድ ጎን ትንሽ ያስረዝሙታል፤ ያኔ ከዲው ጋር ጥቂት ኤስ (በሁሉም አቅጣጫ ተመሳሳይ የሆነው የጥምረት ቅርጽ) ይደባለቃል እንጂ ሱፐርኮንዳክተርነቱ እስከ 92 ኬልቪን ገደማ ይዘልቃል። ጣጣው ሳይዛባ ሲቀር ነው! ከ950 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በችኮላ ከወጣ ኦክስጅን ስለሚያንሰው ሁለቱ ጎኖች እኩል ሆነው ይቀራሉ፣ ኤሌክትሪክም አያሳልፍም። መልሳችሁ አሙቁት፤ በ450 ዲግሪ ንጹሕ ኦክስጅን እያሳለፋችሁ 24 ሰዓት ያህል አቆዩትና ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። የደጋው ስስ አየር ብቻውን አይበቃም (ለማቀዝቀዣው ፈሳሽ ናይትሮጅን ግን ይጠቅማችኋል፤ እዚያ ከ77 ኬልቪን በታች ይፈላል)። ዚንክ እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ በመዳቡ ቦታ ጥቂት በመቶ ከገባ ዲ-ሞገዱን ክፉኛ ያዳክመዋል።