አስከሬንን በሲቲ ስካን መመርመር፦ ሥራሽን ሳትለቂ ጀምሪው

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በራዲዮግራፊ ተመርቀሽ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ምርመራ ማዕከል ራጅና አልትራሳውንድ ክፍል ትሠሪያለሽ። አጎትሽ በድንገት ሲያርፉ አስከሬናቸው ለምርመራ አዲስ አበባ ድረስ ተወሰደ፣ ቀብሩም ዘገየ፣ እናትሽ ደግሞ «ገላውን ቀደዱት» እያሉ እስካሁን ያለቅሳሉ። ውጭ አገር አስከሬን ሳይከፈት በሲቲ ስካን እንደሚመረመር ከሰማሽ ወዲህ ሐሳብሽ ሁሉ እዚያ ነው። ሥራዬን ለቅቄ ልግባበት ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ነፍሳቸውን ይማር።

ቀጥታ ልንገርሽ፦ ሙያው አለ፣ ጥሩም ነው። ሥራሽን ግን አትልቀቂ።

ስዊዘርላንድ፣ በርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነ ሪቻርድ ዲርንሆፈርና ማይክል ታሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህን ሥራ «ቨርቶፕሲ» ብለው ጀመሩት። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ያለው የቪክቶሪያ ፎረንሲክ ሕክምና ተቋም በአውሮፓውያኑ 2005 የራሱን ሲቲ ስካን አስገባ፤ በ2009 እዚያው ግዛት ትልቅ የሰደድ እሳት ሲደርስ የሟቾችን ማንነት ለመለየት ረድቷል። ስብራት፣ ጥይት፣ ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም፣ ቦታው ያልሆነ አየር፣ እነዚህን ሲቲ በደንብ ያሳያል። እንዲያውም አየርን በተመለከተ ከቢላዋ ይሻላል፤ ገላው ሲከፈት አየሩ በቀላሉ ያመልጣላ። ሟች አይተነፍስም፣ አይንቀሳቀስም፣ ጨረር በዛበት ብለሽም አትሰጊም፣ ስለዚህ ምስሉ ጥርት ብሎ ይወጣል።

አሁን ግን የሚከብደውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አንቺን ወደዚህ ያመጣሽ የአጎትሽ ነገር ነው። በአውሮፓውያኑ 2012 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት 182 አስከሬኖችን በሲቲም፣ በማግኔት በሚሠራው በኤምአርአይም አንስቶ ውጤቱን ከተለመደው የአስከሬን ምርመራ ጋር አስተያየ። በሲቲ የተሰጠው የሞት ምክንያት 32 በመቶ በሚሆኑት ላይ ከምርመራው ጋር በጉልህ ተለያየ፤ በኤምአርአይ ደግሞ 43 በመቶ ላይ። በብዛት ያመለጡት ምን መሰሉሽ? የልብ ደም ሥር መጥበብ፣ ሳንባ ውስጥ የረጋ ደም፣ የሳንባ ምች። ማለትም ደህና ሲባል የነበረን ሰው በድንገት የሚወስዱት ዓይነቶች። መርዝ ከሆነማ ምስል ብቻውን አይነግርሽም፣ ላቦራቶሪ ያስፈልገዋል። የደም ሥር ውስጥ ማቅለሚያ ፈሳሽ እየረጩ ማንሳት ሲቲ የልብ በሽታን በማየት በኩል ያለበትን ድክመት ቀንሷል፣ ያም ሆኖ ገላ የሚከፈትበት ጊዜ ይኖራል። ስለዚህ ለእናትሽ «ከእንግዲህ ማንም አይቀደድም» ብለሽ ቃል አትግቢ። እኔ ብሆን «ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ይታወቃል፣ ሲከፈትም የት ጋ እንደሚከፈት አስቀድሞ ይታወቃል» እላቸዋለሁ። እውነቱም ይሄ ነው፣ የእሳቸውን ሐዘንም የሚያከብር ይመስለኛል።

ሌላው፣ በደብዳቤሽ ላይ ሁለት ሥራ ተቀላቅሎብሻል። ምስሉን የሚያነሳው አንድ ነው፣ «የሞተው በዚህ ነው» ብሎ የሚፈርመው ሌላ ነው። የሚፈርመው ሐኪም ነው፣ ያውም በፓቶሎጂ (በሽታን ከአካል ናሙና በሚያጠናው ሙያ) ወይም በፎረንሲክ (ለሕግ በሚሆን የሞት ምርመራ) ስፔሻላይዝ ያደረገ፣ ምስሉን ከሚያነብለት ራዲዮሎጂስት ጋር ሆኖ። ፈራሚዋ መሆን ካማረሽ መንገዱ ሕክምናን ከመጀመሪያው መማር ነው፤ ረጅም ነው፣ አቅሙና ልቡ ካለሽ ግን አልከለክልሽም። ምስሉን በጥራት ማንሳት ከሆነ ፍላጎትሽ ግማሽ መንገድ ላይ ነሽ። የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ለራሽ መልሺ።

ሐዋሳ ውስጥ የአስከሬን ሲቲ ባለሙያ ፈላጊ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። እሱን ቁጭ ብለሽ ከጠበቅሽ ዓመታት ያልፉሻል። ግን የሚያስፈልገው ችሎታ እዚሁ ይገኛል። የሞተ ሰው ምስል የሚያሳስተው በሕይወት ያለውን ለለመደ ዓይን ነው፦ ደሙ ወደ ሳንባ ጀርባ ወርዶ ሲተኛ የሳንባ ምች ይመስላል፣ ገላው መፍረስ ሲጀምር የሚፈጠረው ጋዝም እንደ ጉዳት ይታያል። ይህን የምታውቂው ፓቶሎጂ ስታነቢ ነው። ሪፈራል ሆስፒታል ያሉትን ፓቶሎጂስቶች ተዋወቂያቸው፣ አትፈሪ፣ ጥያቄ ይዛ የምትመጣ ወጣት ማንም አይጠላም። ሐረርና ቀርሳ ላይ ቻምፕስ የሚባለው ፕሮግራም ስለሚሠራውም አንብቢ፤ የሕፃናትን የሞት ምክንያት ገላ ሳይከፍቱ በመርፌ ከየአካሉ ትንሽ ናሙና እየወሰዱ ነው የሚያጣሩት። ምስል አይደለም፣ ግን ገላ ሳይከፈት የሞትን ምክንያት የማወቅ ሥራ አገራችን ውስጥ እንዳለ ያሳይሻል፣ ሐዘን ላይ ያለን ቤተሰብ እንዴት እንደሚያነጋግሩም ትማሪበታለሽ። ሲዳምኛ እችላለሁ ያልሽውን አትናቂው። ሰው ልጁን ባጣ ሰዓት በቋንቋው የሚያናግረው ይፈልጋል።

ማዕከላችሁ ሲቲ የለውም ብለሻል። እንግዲያው ፍለጋሽን ከዛሬ ጀምሪ፣ ሲቲ ያለበት ሆስፒታል ቦታ ሲገኝ ደሞዙ ትንሽ ቢያንስም ተዛወሪ፣ አሁን ያለሽበትን የምትለቂው ግን የቅጥር ደብዳቤው እጅሽ ሲገባ ነው። እዚያም የሌሊት ተረኛነት ሲሰጡሽ አትሽሺ፤ የመኪና አደጋ የሚበዛው ያኔ ነው፣ የጭንቅላት ጉዳትን ማንሳት የምትለምጂውም እዚያ ነው።