በኮንትራት የስትራክቸር ዲዛይን ለሚሠሩ፦ ከዋጋው በፊት ውሉን ያንብቡ

«ሰንጋ ተራ አካባቢ ለሚገነባ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ፣ ከአንድ አማካሪ ድርጅት ጋር የስትራክቸር ዲዛይኑን በኮንትራት ልሠራ ነው፤ በካሬ ሜትር ልዋዋል ወይስ በወር?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን።

በካሬ ሜትር ይዋዋሉ፤ ነገር ግን ቤዝመንቱና የአፈር መደገፊያ ግንቡ በሒሳቡ ውስጥ መግባታቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ። መሀል ከተማ ላይ ቁፋሮው የጎረቤት ሕንፃ ሥር ድረስ ስለሚደርስ፣ ከሁሉ የሚያደክመው ሥራ እርሱ ነው። ሌላውን በተራ ላስቀምጥ።

1. የመጨረሻው ክፍያ «የግንባታ ፈቃድ ሲወጣ» በሚል ከታሰረ አይፈርሙ። የኤሌክትሪኩ ወይም የሳኒተሪው ሥዕል በዘገየ ቁጥር የእርስዎም ገንዘብ አብሮ ይታገታል።

2. የሚሠሩበት የአርክቴክቸር ሥዕል ቀኑ ተጠቅሶ ከውሉ ጋር ይያያዝ። እኔ የተቃጠልሁት በዚህ ነው። ልደታ አካባቢ ለአንድ ትልቅ ሕንፃ ስሌቱንም የፌሮ ዝርዝሩንም ካስረከብሁ በኋላ፣ ባለቤቱ ከቢሮ ወለሎቹ አንዱን የሰነድ ማከማቻ ለማድረግ ወሰነ። ያሠራኝ ድርጅት አስተባባሪ ሥዕሉን ዘርግቶ የክፍሉን ስም በእስክሪብቶ ሰረዘና፣ «ግድግዳ እንኳ አልነካንም፤ የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው» አለኝ። ዩሮኮድን (የአውሮፓን የሕንፃ ዲዛይን ስታንዳርድ) ተከትሎ በወጣው የ2015 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ስታንዳርድ ለቢሮ ወለል በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ኒውተን የምንይዘው ጭነት ለማከማቻ 7.5 ይሆናል፤ በመሬት መንቀጥቀጥ ስሌቱ ውስጥም የማከማቻ ጭነት ከቢሮው በበለጠ ድርሻ ይገባል። ስለዚህ በኢታብስ (የሕንፃ ስሌት ሶፍትዌር) የተሠራው ሞዴል እንደገና ይሠራል፣ ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) በዓምዱ ዙሪያ እንዳይበሳ ይፈተሻል፣ ዓምዶቹም እስከ መሠረቱ ድረስ ይታያሉ።

የተጨማሪ ሥራ ክፍያ ስጠይቅ የፋይናንስ ኃላፊው ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ማስተካከያ የውሉ አካል ነው» የምትለውን አንቀጽ በጣቱ አሳየኝ። አርክቴክቱ ግን ለዚያው ለውጥ ተከፍሎት ነበር! ያም ሆኖ ሥራውን አልተውሁትም፤ በወረቀቱ ላይ የሚያርፈው የእኔ ስምና ፊርማ ነውና። በዓምዶቹ ራስ ላይ ሶሌታውን አወፍሬ፣ የዓምዶቹን ፌሮ አስተካክዬ አስረከብሁ፤ ገምጋሚው መሐንዲስም አንድ መስመር አስተያየት ሳይጽፍ አሳለፈው። ይህን ሳልናገር አላልፍም።

እንግዲህ እርስዎ «የወለል አገልግሎት፣ የፎቅ ብዛት ወይም የዓምድ ቦታ ከተቀየረ በተጨማሪ ሥራ ይታሰባል» የሚል አንቀጽ ያስገቡ፤ የሰዓት ዋጋውንም እዚያው ይጻፉ። «እንተማመናለን፣ ምን ይህ ሁሉ ወረቀት» ይሉዎታል፤ እኔንም ብለውኛል።

3. የአፈር ምርመራው ከዚያው ቦታ የተወሰደ ይሁን፤ የጎረቤትን ሪፖርት አይቀበሉ።

4. ሞዴሉን ራሱን ከጠየቁዎት፣ ርክክቡ ከመጨረሻው ክፍያ ጋር በአንድ ቀን እንዲሆን በውሉ ላይ ያስጽፉ፤ እስከዚያው ሥዕሉንና የስሌት ሪፖርቱን በፒዲኤፍ ይስጧቸው።